የክንዱ መልክ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ አለበል፣ ጀርመን አገር።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በብርዱ የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ትንሿ ወለላስ ደህና ናቸው? እኛ ከሐሳብ በቀር ሌላ ደዌ የለብንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ስላቃተኝ በጽሑፍ አደረግሁት።

ሠርተህ የላክኸው ጌም ደርሶናል። ባለቤቴ ወንዴ ፒያሳ ባለው ጌም ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ሥራህ ከመተማ ተነስቶ ሱዳንን አልፎ ሊቢያ ስለሚደርስ ስደተኛ መሆኑን ነግረኸን ነበር። የስደተኛው መልክ የታናሽ ወንድማችን የክንዱ መሆኑን ግን አልነገርኸንም። ሲከፈት ክንዱ ቆሞ አየሁት። ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ ይታያል፣ ደረቱ ሲተነፍስ ይታያል፤ በሬ የወጋው የቅንድቡ ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ሳላስበው እጄን ሰድጄ መስታወቱን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደንበኞች መጡና አዲስ ጌም ነው ብለው ከበቡት። አድማሴ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጆስቲኩን ያዘ። "ግራፊክሱ ጉድ ነው፣ ፀጉሩን እዩት" ይባባላሉ። ጀልባው ላይ ሲደርስ አድማሴ ሆን ብሎ ክንዱን ባሕር ውስጥ ጣለው፤ ውኃው አፉ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ነው። ተሳሳቁ። ደገመው። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ክፉ ልጆች እንዳይመስሉህ። ከዚያ በፊት እነዚያው ልጆች ሌላ ጌም ሲጫወቱ አይቻለሁ። ሰውየው አራት ማዕዘን ነገር ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። በቅሎውም የክብሪት ቀፎ ነው የምትመስል። በቅሎዋ ገደል ስትገባ ሰውየው አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም ይላል። ልጆቹ ከንፈር መጠጡ። አድማሴ ራሱ "ምስኪን" ብሎ ጨዋታውን ተወው። ምናልባት ፊቱ ባዶ ስለነበር እያንዳንዱ የራሱን ሰው አስቦበት ይሆናል፤ እኔ እንጃ፣ ባለሙያው አንተ ነህ።

ወንዴ ጨንቆት "ተዉ፣ ወንድሟ ነው፤ ባሕር የበላው" አላቸው። ጆስቲኩን አስቀምጠው አንድ በአንድ ወጡ። ዓይኔን ማየት አልቻሉም። ያሳፈራቸው የወንዴ አንድ ቃል ነው እንጂ ያ ሁሉ ላብና ጠባሳ አይደለም።

ለእናታችን ደብቄ ልተወው ነበር። አንተ ግን በስልክ "ክንዱን ሕያው አድርጌልሻለሁ" ብለሃት ኖሮ ለጥምቀት ከኮሶዬ ስትወርድ አሳዩኝ አለች። ወንዴ ቤቱን ዘግቶ ከፈተላት። "ክንድዬ" ብላ ጠራችው። እሱ ያያታል፣ አይመልስላትም። "ምነው ዝም አለኝ?" አለችኝ። ወንዴ ጨዋታውን ሲያስኬድ ጀልባው ላይ አመለጠውና ክንዱ ባሕር ሲገባ አየች። ትንሽ ቆይቶ መተማ ላይ ልብሱ ደርቆ ሲቆም "ተነሳ?" አለች። ወንዴ መዋሸት አይሆንለትም፤ እንደገና ሲጀመር እንዲህ ነው አላት። "ከዚያስ?" አለችው። "ከዚያማ ያው ነው" አላት። "እንግዲህ በየሰው ቤት ሲሞትብኝ ሊኖር ነው" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነሳች።

መልኩ እውነተኛ ካልሆነ ሰው አይራራም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ክንዱ ከሊቢያ ሲደውልልህ መልክ አልነበረውም፤ የሚቆራረጥ ድምፅ ብቻ ነበር። "ልሻገር ወይስ ልመለስ፣ ያልኸኝን አደርጋለሁ" ሲልህ "ሥራ ላይ ነኝ፣ አንተው ወስን" አልኸው። በማግሥቱ ለእኔ ደውሎ ነግሮኛል። እኔማ ተመለስ ብየው ነበር፤ እሱ የፈለገው ግን ያንተን ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ያን ጊዜ ላቡ ሲወርድ ብታይ ኖሮ ሥራህን ታቆምለት ነበር? ይህን የምጠይቅህ ላሳዝንህ ብዬ አይደለም ልል ነበር፤ ግን ላሳዝንህም ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ኮሶዬ ሄጄ ነበር። እናታችን ዓይኗን ስትጨፍን ይመጣላት የነበረው፣ ሲስቅ አንድ ዓይኑ የሚጠፋው ክንዱ ቀርቷል። አሁን የሚመጣባት ያንተው ነው። ሬሳ አልደረሳት፣ የምታለቅስበት መቃብር የላት፤ የቀራት እሱ ነበር፣ አያ። ስለዚህ መልኩን ከጌሙ አውጣልን። የሌላ ሰው መልክ አድርግበት፣ ካልሆነም ፊት የሌለው ይሁን። የሚራራ ሰው ለዚያም ይራራል።

ወንዴ ሰላም ብሎሃል። አክስታችን ሸዋረጋ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ሸጋ ናት፤ ወለላን ሳሙልኝ ትላለች። አባታችን እንደምን አለህ ብሎሃል፤ ጌሙን ግን አላየውም፣ አላይም ብሏል። እናታችንን ምን ልበልልሽ ብላት፣ "ፎቶም ቪዲዮም አይላክልኝ፤ የአለበል የራሱ መልክ ገና አልጠፋኝም። ከናፈቅሁት በእግሩ ይምጣ" ብላሃለች።

እህትህ ትርንጎ
ጎንደር፣ ቀሐ
ጥር ፳፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.