ክራኮው የሄደው ጃኬት

ዓብዱልወሃብ፣

ታክሲው ታች ጡሩምባውን እያስጮኸ ስለሆነ አላረዝመውም።

የሲንኩ ቧንቧ አሁንም ያፈሳል። ባልዲውን ጠዋትና ማታ ድፋልኝ። ማናጀሬ ኮል ካደረገ አሞታል በለው። በሽታውን አንተ ምረጥ፤ የሚያሳፍር ግን አትስጠኝ።

ክራኮው ወንዝ ዳር ርካሽ ክፍል ይዘን አራት ቀን አብረን እናርፋለን ተባብለን ነበር። ሐሙስ ዕለት "እኔ አልሄድም" አልክ። ኦኬ። እዚህ አሜሪካ ለሰፈራችን ለሌክ ሲቲ ሐበሻ ሁሉ "ሥዩም አውሮፓ ሊሄድ ነው" ብለህ ማወጅህ ግን ምን ይባላል? ይኸው እናኑ ሮም ላለች እህቷ በርበሬ አስያዘችኝ። ዘመድኩን ደግሞ ሞስኮ ለሚማረው ያጎቱ ልጅ ጫማ። እኔ የምሄደው ፖላንድ! አውሮፓን አንድ ቀበሌ አደረጉት እኮ።

ሻንጣዬ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ዕቃ አለ። እዚያው ክራኮው ላለው ለሙክታር ብቻ ምንም የለም። የገዛ ወንድምህ ነው። ደርግ ልኮ የሚያስተምረው ነው ብለህ ስድስት ዓመት ሙሉ አኩርፈኸዋል።

በዚህ ጉዳይ አልገባም ብዬህ ነበር።
ገብቻለሁ። ጽፌለት ባቡር ጣቢያ ይጠብቀኛል። ይቅርታ።

አረንጓዴውን ጃኬትህን ቁም ሳጥን ውስጥ አትፈልገው፤ ለብሼው ወጥቻለሁ። ስመለስ ግን በሸሚዝ ነው። ለሙክታር "ወንድምህ ላከልህ" ብዬ እሰጠዋለሁ።

ውሸት ነው ካልክ ራስህ ደውለህ ንገረው። ቁጥሩን ስልኩ ሥር አድርጌልሃለሁ።

ሥዩም