የልጄ ሁለተኛ ትዕዛዝ

ልጄ ይገበያይበት ለነበረው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ኩባንያ
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም ፍጹም ጤና እንድትሆኑ እመኛለሁ። ሰው ሁሉ በሚያነበው በዚህ ግልጽ ደብዳቤ የኩባንያውን ስም ያልጻፍሁት ጠበቃችሁ በጨዋ ደብዳቤ ስላስጠነቀቁኝ ነው። ለደብዳቤው አመሰግናለሁ፤ ከእናንተ ዘንድ ሰው የፈረመበት ወረቀት የደረሰኝ እሱ ብቻ ነው።

በመጋቢት ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከብሪዝበን አጠገብ ሎጋን ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ስሠራ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ልጄ ኬሌፒ ከቄራው ከሥራ ሲመለስ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ መሞቱን ነገሩኝ። እየነዳ ስልኩን ይመለከት ነበር፤ ይህ የእሱ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ስልኩን ሲመልሱልኝ መስተዋቱ ላይ «ትዕዛዝዎ በመጠባበቅ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ይበራ ነበር።

ስለ ግብይቱ አንድ እሑድ አስረድቶኝ ነበር። «እማ፣ አብረው የሚወጡ፣ አብረው የሚወርዱ ሁለት የዲጂታል ገንዘቦች አሉ። አንዱ ሲቀድም የቀደመውን እሸጣለሁ፣ ወደኋላ የቀረውን እገዛለሁ። ሲገናኙ ትርፌን ይዤ ውልቅ» አለኝ። «ሽያጩ ተሳክቶ ግዢው ባይሳካስ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ያኔማ በአንድ እግር መቆም ነው፤ አንቺ ደግሞ ክፉ ክፉውን ብቻ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በዚያ ሐሙስ ልጄ ሁለቱን ትዕዛዞች ባንድ ላይ ላከ። ሽያጩን «በተገኘው ዋጋ» ስላለ ወዲያው፣ ስልኩ ካሳየው ባነሰ ዋጋ ፈጸማችሁለት፤ ለፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ይድረስ። ግዢውን ግን «ከዚህ ዋጋ በላይ አልከፍልም» ብሎ ወሰነበት። ዳቦም ቢሆን የሚገዛው ዋጋው ሲቀነስ ነበር፤ ከእኔ የተማረው ነው። ዋጋው በጥቂት ሳንቲም አልፎት ሄደ፤ ግዢው ወረፋ ላይ ቀረ፤ እሱም ይመለሳል እያለ ስልኩን ሲያይ ዋለ።

2. ማስታወቂያችሁ «ጥንድ ግብይት በአንድ ንክኪ» ይላል። ንክኪው በእርግጥ አንድ ነው። ከንክኪው በኋላ ሁለቱ ትዕዛዞች ወደየወረፋቸው እንደሚለያዩና አንዱ ባይፈጸም ሌላው እንደማይመለስ የሚናገረው ጽሑፍ በውላችሁ አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ይገኛል። እዚያ ለመድረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

3. ትዕዛዙ እንዲሰረዝልኝ ስጽፍ፣ የሒሳቡ ባለቤት ካሜራ ፊት ቀርቦ ዐይኑን ሁለት ጊዜ እንዲያርገበግብ ጠየቃችሁኝ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። መልሳችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረሰኝ፦ «በምስሉ ላይ ፊት አልተገኘም።»

4. እኛ የቶንጋ ደሴት ሰዎች ለሐዘን የምንታጠቀውን አሮጌ ምንጣፍ ወገቤ ላይ አስሬ ቢሮአችሁ ድረስ መጣሁ። የጎረቤታችን ደሴት የሳሞአ ሰው የሆነው ጥበቃችሁ ወንበር ሰጠኝ። «አክስቴ፣ እዚህ እኮ ሰው የለም። አንድ ጠረጴዛና አንድ አበባ ነው ያለው፣ አበባውም ፕላስቲክ ነው» አለኝ። «ታዲያ አንተ ምኑን ነው የምትጠብቀው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔንጃ አክስቴ፣ አበባውን መሰለኝ» አለ። በኩባንያችሁ ያገኘሁት ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ደመወዝ እንዲጨመርለት አሳስባለሁ።

ገንዘብ አልጠየቅሁም፤ የተረፈ ካለ ለእናንተ ይሁን። የለመንሁት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ሞቷልና በስሙ የተሰለፈው ትዕዛዝ ከወረፋው ይውጣ። እንደማታደርጉት አውቃለሁ። የጻፍሁት ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ነው።

ለደንባችሁ ያለኝን ታላቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታ የምጠይቅ፣

ሉሴአኔ ሞአላ
የሒሳቡ ባለቤት ያልሆንሁ እናቱ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳልልከው፣ ዛሬ ጠዋት ዋጋው ወርዶ ግዢው ተፈጸመ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ኬሌፒ» ብላችኋል። ከሥሩም የተፈጸመ ትዕዛዝ ሊሰረዝ እንደማይችል ገልጻችኋል። ስለዚህ ከእርስዎ የምፈልገው ነገር የለም። ይህን የምታነቡ ሌሎች ሰዎች ግን፣ ኬሌፒ ሞአላ ይባላል፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እባካችሁ ጸልዩለት።