የላክኸው ዲስክና የኮምፒውተሬ ድምፅ

ለውድ ወንድሜ ለኪዮኮ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? ከመሰላል ወድቀህ የተመታው ጉልበትህስ ተሻለው? ባለቤትህ ንዱንጌስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ዶሃ ሙቀቱ ሳይጀምራችሁ አልቀረም፤ ውሃ ጠጣ እንዳልልህ እማዬ በየስልኩ ትልሃለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቶ በቆሎው ተዘርቷል። እማዬም ወገቤን ከማለቷ በቀር እንደ ወትሮዋ ጎረቤቱን ሁሉ ስታዝ ትውላለች።

የላክኸው ዲስክ በደህና ደርሶኛል። ባሌ ሙስዮኪ ሽፋኑን እያገላበጠ አነበበልኝ፣ ቀለሙንም ነገረኝ። አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም ገና ከመውጣቱ እኔን እህትህን ማሰብህ ልቤን ሞልቶታል። «ጫንሽው ወይ?» ብለህ ስትደውል ነገሩን በስልክ በቅጡ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው ይህን መጻፌ።

ባሌን ታውቀዋለህ፤ አዲስ ነገር ካየ አያስችለውም። ዲስኩ የደረሰ ዕለት ምሳውን ሳይጨርስ «ተነሺ፣ አሁኑኑ እንጫነው» አለኝ። እኔም ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል አልኩት። «ታዲያ ዕድሜ ልክሽን ከሰይጣን ጋር ስታወሪ ልትኖሪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የማወራ እኔ ነኝ። አንተ ከሄድህ በኋላ የመጣ ስለሆነ አላየኸውም እንጂ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለኝ። የሬዲዮ ጣቢያውን የሽማግሌዎች ወግ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ፣ የነካሁትን ፊደል ሁሉ የሚነግረኝ እሱ ነው። እሱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ለእኔ የብረት ሳጥን ነው። የተሠራው ደግሞ ለድሮው ሲስተም ስለሆነ፣ በአዲሱ ላይ ይናገር አይናገር አላውቅም።

በዚህ መሃል ሥራውን የሚሰጠኝ የጣቢያው አዘጋጅ ዋምቡዋ ደወለ። «ቢሮአችን ወደ አዲሱ ሲስተም እየተዛወረ ነው፤ ከእንግዲህ የምልክልሽን ያንቺ ማሽን ላይከፍተው ይችላል» አለኝ። ባልጭን ሥራዬ፣ ብጭን ድምፄ ሊሄድ ሆነ።

ሙስዮኪ ነገሩ እንደከበደኝ ሲያይ ቀልዱን ተወ። «መጀመሪያ በኔ ይሞከር፤ ቢበላሽም የኔው ፎቶ ቤት ነው» አለና ዲስኩን ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ከዚያ የሚያነበውን ፕሮግራም አስገባበትና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ቁልፎቹን ነካካሁ፤ ምንም የለም። ሰዎቹ በሩን ክፍት ትተው የሄዱበት ቤት ገብቼ የምጣራ መሰለኝ። «ምን ይላል?» ሲለኝ «ምንም አይልም» አልኩት። ማዳመጫውን አውልቆልኝ እጄን ያዘኝ።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ለካሜኔ ደወልኩላት፤ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አብራኝ የተማረችው፣ አሁን ናይሮቢ የምትሠራው። ለካ እሷ ሳታጣራ ጭናው ኮምፒውተሯ ድዳ ሆኖባታል፤ ስክሪኑን የምታነብላት ታናሽ እህቷ ናት። «እጮኛዬ የሚጽፍልኝን ሳይቀር እሷ ናት የምታነበው፤ እኔ ሳልሰማው እሷ ትስቃለች። አንቺ እንዳትነኪው» አለችኝ። ከአዲሱ ሲስተም ጋር የሚስማማ የሚያነብ ፕሮግራም እየተሠራ ነው፣ ዓመቱ ሳያልቅ ይደርሳል መባሉንም ነገረችኝ። ያኔ ልቤ ተመለሰ። መቆየት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ከዚያ ዋምቡዋ ዘንድ ሄድኩና፣ ጽሑፉን ስታስቀምጥ በድሮው ዓይነት አስቀምጥልኝ፣ ይቻላል አሉ አልኩት። ትንሽ ፈላለገና «እዚህ ጋ አለ ለካ። ይሄ ብቻ ነው ያስጨነቀሽ?» አለኝ። እንዲህ ሲቀልልኝ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ አልተቋረጠም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስጦታዬ ሜዳ ቀረ ብለህ እንዳታዝን። ሙስዮኪ አዲሱን አልለቅም ብሏል። ዓይን እያለው ሲደናበር ብታየው! የማተሚያውን ትእዛዝ ሲፈልግ ይውላል፤ «እዚህ ነበር እኮ፣ ማን ወሰደው?» ሲል እሰማውና ብቻዬን እስቃለሁ። ደንበኞቹ ግን ፎቶአቸውን ስክሪኑን ሞልቶ ሲያሳያቸው ደስ ይላቸዋል። ያ የሚያነበው ፕሮግራም ሲደርስ ለእኔም ይጫናል፤ አስተማሪዬም ሙስዮኪ ነው፣ ጠፍቶ ጠፍቶ መንገዱን ሁሉ አውቆታልና።

ንዱንጌን ጉንጯን ሳምልኝ። ለሙሞ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ፤ ትንሿን ካቲሌን አክስትሽ ድምፅሽን በስልክ ልትሰማ ትፈልጋለች በላት። እማዬ ምርቃቷን ልካለች። ሙስዮኪም እጅ ነስቷል፣ ስለ ዲስኩም አመስግንልኝ ብሏል።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ኮምፒውተሬ መልሶ አነበበልኝ። ቋንቋችን ኪካምባ ፈረንጅ አፉን እየጎረበጠው፣ ስምህ ላይ ሲደርስ «ካዮኮ» ይላል። እማዬ አጠገቤ ነበረችና «ይሄ ሰውዬ ልጄን ማን ብሎ ነው የሚጠራው?» ብላ ተቆጣች። ወዲያው ግን ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋችና «እስቲ ስሙን ድገምልኝ በይው» አለችኝ።

እህትህ ምዊካሊ
ማቻኮስ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2007