ሜዳ ላይ የሚቆረጥ ጸጉር

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ስደውል የምትለውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ? በይ ቆይ ወንድምሽን ላገናኝሽ» ትልና ስልኩ የሚፋጅ ይመስል ታቀብለዋለህ። ከእኛ ከተማ ወጥተህ ወንድሜ ዘንድ ከገባህ ወዲህ ካንተ ጋር ያወራሁት ቢጠራቀም አንድ ብርጭቆ ሻይ አያስጨርስም። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ወረቀትን እንደ ስልክ ለሌላ ሰው አታቀብለውም፣ ብታቀብለውም የተጻፈው ላንተ ነው።

ታውቀኛለህ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ዛሬ ግን ትንሽ መዞሬ አይቀርም፤ መጨረሻ ላይ የምጠይቅህ ነገር አለ፣ እንዳይከፋህ ፈርቻለሁ። እስከዚያው ስለ አለቃ ላውራልህ።

አለቃ አድጓል። ገና ሳይድህ በጣቱ እየጠቆመ ሲያዝዘን አይተህ «ይሄማ የልጅ ልጅ ሳይሆን አለቃ ነው» ካልክበት ቀን ጀምሮ ልጄን በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ጠፍቷል። አሁን ይሮጣል፣ ይንጠላጠላል፣ ለሁሉም ነገር «እኔ ራሴ!» ይላል። ጫማውን ራሱ ያደርጋል፤ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ። ላስተካክልልህ ካልኩት ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘነው ከከተማ እንወጣለን። እኔ የስፌት መኪናዬን እሸፍናለሁ፣ ባለቤቴም የመብራት ዕቃ ሳጥኑን አልጋ ሥር ይከታል። ቀጭን ስለሆነና መብራት ስለሚሠራ «ሽቦው» ብለህ ስም ያወጣህለት ሰውዬ አሁን ትንሽ ሆድ አውጥቷል፤ ስታየው ሌላ ስም ታስብለታለህ። አውቶቡሱን እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንሳፈርና ከዚያ በእግር ነው። ከፌርማታው እስከ ወንዙ ያለው መንገድ ለትልቅ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ከአለቃ ጋር ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጉንዳን ካየ ቁጭ ይላል። ድንጋይ ካየ አንስቶ የአባቱ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ የአባቱ ሱሪ ደግሞ ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል። ላም ካየ ቆሞ «ቻው» ይላታል፤ መልስ ካልሰጠችው ከዚያ ንቅንቅ የለም።

«አልሰማችህም የኔ ጌታ፣ ሣር እየበላች ነው» ይለዋል አባቱ።

«ትሰማለች!»

«እሺ ሰምታሃለች። አፏ ሙሉ ሆኖባት ነው። እንሂድ።»

«ትዋጥ!»

ላሟ እስክትውጥ እንጠብቃለን። መከራችንን አይተን ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ፣ ወንዙም ማሳውም ከታች ተዘርግቶ ሲታይ፣ «አየህ? አየህ አለቃ?» ብለን ዞር ስንል አባቱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶት እናገኘዋለን። እኔና ሽቦው ተያይተን እንስቃለን። አባዬ፣ እንደነዚህ ቅዳሜዎች ደስ ያለኝ ጊዜ በሕይወቴ የለም። አንተ ግን የለህበትም፣ የሚቆጨኝም ይሄ ነው።

ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወድቋል። ሰው ሁሉ ሴት ልጅ ይለዋል። የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ «ቆንጅዬዋን ጭን ላይ አስቀምጧት» ይለናል። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ እንቁላል የምትሸጠው ሴትዮማ «ምነው እቴ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ወልደሽ ጉትቻ እንኳ አታደርጊላትም?» ብላ ተቆጥታኛለች። ሽቦው መጀመሪያ ላይ «ወንድ ነው» እያለ ያስረዳ ነበር፤ አሁን «እናመሰግናለን» ብሎ ያልፋል።

እስካሁን ለምን እንዳልተቆረጠ አንተ ታውቃለህ።

የከተማውን ሰው ሁሉ ጸጉር ስታስተካክል ኖረህ የራስህን ልጆች የመጀመሪያ ጸጉር ግን ሱቅህ ውስጥ ቆርጠህ አታውቅም። «ሕፃን መስታወትና መቀስ አንድ ላይ ካየ ዕድሜ ልኩን ጸጉር ቤት ይጠላል» ትል ነበር። ስለዚህ ሰኞ፣ በዕረፍት ቀንህ፣ ነጩን ጨርቅ፣ ማበጠሪያህንና መቀስህን ጠቅልለህ፣ እማዬ ነፍሷን ይማረውና ምሳ ቋጥራ፣ ገጠር እንወጣለን። ልጁን ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ፊቱን ወደ ወፎቹ ታዞረዋለህ። ወፍ እያየ ጭንቅላቱን ይረሳዋል። የወደቀውን ጸጉር ደግሞ አታነሳም ነበር፤ «ተዉት፣ ወፎቹ ለጎጆአቸው ይፈልጉታል» ትለናለህ። ወንድሜ እንደዚያ ተቆረጠ፣ እኔም እንደዚያ ተቆረጥኩ፣ የአጎቴ ልጆችም ሳይቀሩ። እኔማ ከፍ እስክል ድረስ ሰው ገጠር የሚሄደው ጸጉሩን ለመቆረጥ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን «ገጠር ሄዶ የሚያውቅ?» ብላ ስትጠይቅ አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ «ማን ቆረጠሽ?» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፣ እኔ ግን የሚያስቀው ነገር አልገባኝም።

ታዲያ አለቃን ሌላ ሰው እንዲነካው እንዴት ልፍቀድ? እኔም መቀስ ይዤ የምውል ሴት ነኝ፤ ግን «የጨርቅ መቀስ ጸጉር አይነካም» ያልከው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ጠበቅንህ። ዓመት ሲሞላው «ገና ነው፣ አናቱ ይጠንክር» አልክ። ቀጥሎ «ብርዱ ይለፍ» አልክ። ከዚያ አንድ ቀን ብድግ ብለህ ጸጉር ቤቱን ዘጋህና «ሰለቸኝ» አልክ። ደንበኞችህ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጭንቅላታቸውን እያሳዩ ይወቅሱኛል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቅር ብሎኝ ነበር። ሽቦውን መጀመሪያ ላይ እንዳልወደድከው አውቃለሁ። «የእሱን ልጅ መንካት አልፈለገም» እያልኩ ሳጉረመርም ከረምኩ።

በመጨረሻ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ እሺ ብለህ አብረኸን ወንዙ ድረስ መጣህ። አለቃን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥከው። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰርክለት፣ አበጠርከው፣ መቀሱን አወጣህ። እሱ ወንዙ ላይ ያሉትን ዳክዬዎች እያየ አፉን ከፍቶ ጸጥ ብሏል፤ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። እኔ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። መቀሱን ወደ ጸጉሩ አስጠጋህና ቆምክ። ከዚያ ቀና ብለህ ዛፎቹን አየህ።

«ነፋስ አለ» አልክ። «በነፋስ አይቆረጥም። ሌላ ቀን ይሁን።»

ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር፣ አባዬ።

መቀሱንና ማበጠሪያውን ጠቅልለህ «አንቺ ጋ ይቀመጥ» ብለህ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትከው። ጨርቁን ልትፈታለት ስትል አለቃ «እምቢ!» አለና ቀኑን ሙሉ እንደ ካባ እየጎተተው ዋለ። አንተ እጆችህን ኪስህ ውስጥ ከትተህ ከኋላ ከኋላው ትሄድ ነበር። «አባባ፣ እጅ!» ብሎ መዳፉን ሲዘረጋልህ «ድንጋዮችህን እየጠበቅኩልህ ነው» አልከው። እጅህን ግን አላወጣህም። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ። ሻይ ስቀዳልህ እንኳ ፊቴን አላበራሁልህም፤ «ግማሽ ብቻ» አልክ፣ ግማሽ ቀዳሁልህ። ብዙም ሳትቆይ ሻንጣህን ይዘህ ወንድሜ ዘንድ ሄድክ።

አሁን ያለፈውን ቅዳሜ ልንገርህ። አለቃ ከአንድ ገበሬ ግቢ ያመለጠች ዶሮ አሳድዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ጸጉሩ በሙሉ ጨጎጎት ሆኗል፤ ያ ልብስ ላይ ሲጣበቅ አልለቅ የሚለው ነገር፣ ከጆሮ ግንዱ እስከ ማጅራቱ። ቤት ገብተን ገንዳ ውስጥ አስቀምጬው አንድ በአንድ ልነቅልለት ስሞክር እሪታውን አቀለጠው። ሽቦው በሩ ላይ ቆሞ «አሁንስ ይቆረጥ፣ ልጁ ተሰቃየ» አለኝ።

ያንተን መቀስ አወጣሁ። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ፤ «የገዛ የልጅ ልጁን ጸጉር ላለመቁረጥ ነፋስ የሚያመካኝ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። ሌላም ያልኩት ነገር አለ፣ እሱን አልጽፍልህም።

ሽቦው መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አባባ ቂም ይዘው አይደለም» አለኝ።

«እና ምን ሆኖ ነው?»

«እጃቸው ነው። ቀኙ። ይንቀጠቀጣል። ከቆየ ቆይቷል።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ አይቼ ነው። ሻይ ሁልጊዜ ግማሽ ብቻ የሚሉት ለምን ይመስልሻል?»

አባዬ፣ በዚያች ሰዓት ውስጤ ምን እንደሆነ በወረቀት መግለጽ አልችልም። የሸሚዞችህን ቁልፍ ፈትቼ ዚፕ እንዳደርግልህ የጠየቅከኝ ትዝ አለኝ። «አባዬ በስተርጅና ፋሽን ጀመረ» ብዬ ስቄብህ ነበር፣ አንተም አብረኸኝ ስቀሃል። እነዚያን ዚፖች በሙሉ በእጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰፍቼ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ሰጠሁህ፤ ግን ምንም አላየሁም።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ሽቦው ላይ ጮህኩበት።

«እሳቸው ለልጃቸው ያልነገሩትን እኔ አማች ሆኜ እንዴት ላውራው?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ያን ቀን መቀሱን ሲያጥፉ ዞር ብለው አዩኝ። ማየቴን እንዳያውቁ ብዬ እኔም ወደ ዳክዬዎቹ ዞርኩ» አለ። አንተ ሽቦ የምትለው ሰው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሚስቱ አባቷን በእሱ ምክንያት ስታማ እየሰማ ምስጢርህን ጠበቀልህ።

ጸጉሩን አልቆረጥኩትም። በዘይት እያለሰለስኩ፣ ሽቦው የላሟን ድምፅ እያወጣ እያባበለው፣ ጨጎጎቱን ለቅመን ጨረስን። አለቃ ፎጣ ውስጥ እንደተጠቀለለ ተኛ።

ስለዚህ አውቄያለሁ፣ አባዬ። አውቄ እንዳላወቀ መሆን አልችልበትም፣ አንተ አላስተማርከኝም። ሐኪም አይቶህ ከሆነ ምን እንዳለህ ንገረኝ። ካልሄድክም አብረን እንሄዳለን፤ ወረፋ መጠበቁን ለእኔ ተወው። ወንድሜ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ ያንተን ነገር ካንተ መስማት ፈልጌ ነው። ለምን እንደደበቅከኝ ግን አልጠይቅህም። ቶንዶሱን ይዞ የሰው ማጅራት ላይ ውሃ ልክ መስመር ሲያወጣ የኖረ ሰው እጁ ሲከዳው ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተኝም። እኔም በእጄ የማድር ነኝ። ብቻ በእኔ ፊት ታፍራለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

የምጠይቅህ ይኸው ነው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ና። ሽቦው መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቅሃል፣ ወንዙ ድረስ አብረን እንወርዳለን፣ አለቃንም አንተ ትቆርጠዋለህ።

እምቢ ከማለትህ በፊት ስማኝ። ቀጥ ያለ ነገር አልፈልግም። ጠማማ ይሁን። በአንድ በኩል ይጠር፣ በሌላው ይርዘም፣ መሀሉ የአይጥ መንገድ ይምሰል። ጸጉር ነው፣ ይበቅላል። አውቶቡስ ላይ አንዱ «ማነው እንዲህ የጨፈጨፈው?» ቢለኝ «አባቴ ነው!» እላለሁ፣ ከፊት እስከ ኋላ ወንበር እስኪሰማ ድረስ። ደግሞም አንተ እጅህ አያርፍም፣ እሱ ጭንቅላቱ አያርፍም፤ የሆነ ቦታ ላይ መገናኘታችሁ አይቀርም።

ያን ቀን የፈራኸው ለጆሮው እንደሆነም አሁን ገብቶኛል። እኔ ነፋስ ሳይኖር ነፋስ አለ አልከኝ ብዬ ስቆጣህ፣ አንተ ልጄ እንዳይደማ መቀስህን አጠፍክ። አስቤበታለሁ። አለቃን እኔ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በእጆቼ እሸፍናቸዋለሁ። ከመቀስህና ከጆሮው መካከል የእኔ ጣቶች ይኖራሉ። መርፌ ሲወጋቸው የኖሩ ናቸው፣ ያንተ መቀስ ቢነካቸው አይቀየሙህም። አንተ ብቻ ቁረጥ።

የምትወድህ ልጅህ፣
ልብስ ሰፊዋ