በሣጥኑ ውስጥ የጻፍኩት ስም

ኻርቱም፣ ካላክላ
ሚያዝያ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ውድ ሐምዲያ፣

ስለ ጤናሽ ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሰማሽው በኋላ ሰላምታዬን መቀበልና አለመቀበል ያንቺ ፈንታ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ባሕሪ ካለው መሥሪያ ቤት ያስወጣሽ ዳውድ አይደለም። እኔ ነኝ።

አድራሻሽን የሰጠችኝ ዘሃራ ናት። ካፉሪ፣ አብራችሁ ትሠሩበት በነበረው የአለቃችን የሙዲሩ እናት ቤት አሁንም አለች። ባለፈው ወር ገበያ ላይ አገኘኋትና ስላንቺ ጠየቅኳት። ኮምቦልቻ ሱቅ መክፈትሽን ነገረችኝ። ቀጥላ፣ «ዳውድ የላከላትን መልእክት ለሦስተኛ ጊዜ መለሰችበት። የሸጠኝን ሰው ስም አታንሺብኝ አለችኝ» አለች። ተሰናብቻት ሐፍላ ላይ ተሳፈርኩ። ሠፈሬ ስደርስ ሳልወርድ ቀረሁ። ረዳቱ «ያ ሐጅ፣ እዚህ ነው የምታድረው?» እስኪለኝ ድረስ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው። የምታውቂውንም እደግማለሁ፤ አንቺ ያየሽው በመሥሪያ ቤቱ ሻይ ቤት በር በኩል የሚታየውን ብቻ ስለሆነ።

በ1998 ዓ.ም. ሙዲሩ የዱባይ ሰዎች ወኪል ለመሆን ይደራደር ነበር። ሰዎቹ ከመፈረማቸው በፊት «ድርጅታችሁ እንዴት እንደሚሠራ በንድፍ አሳዩን» አሉት። መሐንዲስ ተውፊቅ የተቀጠረው ለዚህ ነው። አንቺ «ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጥፈው ሰውዬ» ትይው ነበር። ሥራው ለቤት ፕላን እንደሚነሣው ሁሉ ለአንድ ድርጅት ፕላን ማንሣት ነው። የትኛው ክፍል ምን ይሠራል? ወረቀቱ ከማን ወደ ማን ይሄዳል? ኮምፒዩተሩ ምን ያውቃል፣ ምን አያውቅም? ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሣጥን ይሣላል፤ ከሣጥን ወደ ሣጥን ደግሞ ቀስት።

እኔን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ረዳቱ ያደረገኝ፣ አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መሥራቴን ሰምቶ ነው። «አንተ ሰው መጠየቅ ታውቃለህ» አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። ሰዎች «እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚሉህን ትተህ ሲሠሩ ያየኸውን ሣል አለኝ። በሣጥን ውስጥ ደግሞ የሥራ ስም እንጂ የሰው ስም አይጻፍም፤ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሥራው ግን ይቀራል አለኝ። የመጀመሪያውን በደንብ ያዝኩ።

የጀመርኩት አንዲት ትእዛዝን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመከተል ነው። ኦምዱርማን ያለ ባለሱቅ አርባ ከረጢት ስኳር ጠየቀ። በደንቡ መሠረት መንገዱ አጭር ነው፤ የሽያጯ ሉጥፊያ ስልኩን ታነሣለች፣ ኮምፒዩተሩ ስኳር መኖሩን ያሳያታል፣ የማስረከቢያውን ወረቀት ታወጣለች፣ ዳውድ ከመጋዘኑ ያስረክባል። እኔ ግን አጠገቧ ተቀምጬ ሳይ፣ ኮምፒዩተሩ «አለ» እያላት ወረቀቱን አላወጣችም። በሩን በሩን ታያለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ሻይ ነዋ» አለችኝ።

ትሪሽን ይዘሽ ገባሽ። ብርጭቆውን ስታስቀምጪ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ በአረብኛ፣ «በስተግራ ያለው ስኳር ረጥቧል። አዲሱ ሰኞ ይገባል፤ እስከዚያ አትስጪ» አልሻት። ሉጥፊያ ስልኩን አንሥታ ባለሱቁን ለሰኞ ቀጠረችው። በኋላ እንዳጣራሁት፣ የመጋዘኑ ቆጠራ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባው ከአራት ቀን በኋላ ነበር። ያንን አራት ቀን በጭንቅላትሽ ተሸክመሽ ከመጋዘን ወደ ሽያጭ የምታመላልሺው አንቺ ነበርሽ። ይህን ያዘዘሽ ማንም አልነበረም።

ሻይ ቤቱ ገብቼ ስጠይቅሽ ሳቅሽ።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ ሻይ የሚያፈላ ሰው ጆሮ የለውም ያለህ ማነው? በቀን አምስቴ ነው የምመላለሰው። ትሪው ባዶ ይመለስ፣ እኔ ለምን ባዶዬን እመለሳለሁ?»

ወዲያው ግን ሳቅሽን አቆምሽ። «እንዳትጽፈኝ ግን ጋሼ፣ በአላህ። ኢቃማዬ ላይ ያለው የካፉሪው ቤት ሠራተኛ የሚል ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት መዋሌ ወረቀት ላይ ከወጣ፣ እኔም የለሁም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም የለም።»

«በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል» አልኩሽ። ለጋዜጠኛ ይህ ትልቅ ቃል ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የነገረኝን ሰው አንድም ጊዜ አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ንድፉን ስሥል ችግር ገጠመኝ። ቀስቱ ከመጋዘን ተነሥቶ ሉጥፊያ ጋ ይደርሳል፤ መሐሉ ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም። ባዶ ሣጥን ሣልኩና፣ የሥራውን ስም እስካገኝለት ብዬ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ «ሐምዲያ» ብዬ ጻፍኩበት። አማርኛ የሚያነብ በዚያ ስብሰባ ላይ አይኖርም ብዬ ነው። በኋላ አጠፋዋለሁ አልኩ። አላጠፋሁትም። ተውፊቅ ሥዕሉን አይቶ «ሥራ ማለት ይህ ነው!» ብሎ ትከሻዬን ሲመታኝ፣ በሃምሳ ዓመቴ እንደ ተማሪ ደስ አለኝ፤ ወረቀቱም እንዳለ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ስብሰባው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነበር። ሙዲሩ፣ የክፍል ኃላፊዎቹና ሁለቱ የዱባይ እንግዶች ተቀምጠዋል። ተውፊቅ ቀስቶቹን አንድ በአንድ እያሳየ ሲያስረዳ፣ ሙዲሩ ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ ቀረበና ጣቱን ስምሽ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የሐበሻ ድግምት?»

ሳቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የራሴ ማስታወሻ ነው፤ ገና አልተጣራም» ማለት እችል ነበር። አምስት ቃል ነው። ተውፊቅም ይህን እንድል በዓይኑ ጠቅሶኛል። ግን አሥር ሰው እያየኝ ነበር። በዚህ አገር አሥራ አምስት ዓመት ስኖር አሥር ሰው አንድ ላይ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። እነሱ ዓመታት የሠሩበትን ቤት ከእነሱ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር፤ ይህንንም እንዲያውቁልኝ ፈለግሁ።

«ሐምዲያ ይላል» አልኩ። «ሻይ የምታመጣው ናት። መጋዘኑንና ሽያጩን የምታገናኘው እሷ ናት። አንድ ቀን ብትቀር ትክክለኛ ትእዛዝ አይወጣም።»

ከእንግዶቹ አንዱ ብዕሩን አነሣ። «ተቀጣሪያችሁ ናት?»

ሙዲሩ እጁን አወናጭፎ፣ «ሲት ሻይ እኮ ናት! ድርጅቴን የምትመራው የሻይ ሴትዮ ናት አሉ!» ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሐምዲያ። ይህን መስመር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀይሬአለሁ።

እንግዶቹ እንደወጡ ሙዲሩ ዳውድን አስጠራው። እኔ ወረቀቱን እየነቀልኩ እዚያው ነበርኩ፤ የሰማሁትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ።

«የመጋዘኑን ነገር ለሷ ትነግራታለህ?»

«ዋላሂ፣ አልነግራትም። ሻይ አስቀምጣ ትሄዳለች።»

«ኡስታዙ ይኸው እንዲህ ይላል» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

ዳውድ ወደ እኔ እንኳ አላየም። «ኡስታዝ ተሳስቷል። እሷ ምንም አታውቅም። ጥፋት ካለ የኔ ነው፤ እኔን አስወጣኝ።»

አንቺ ያየሽው ዳውድ ተጠርቶ ሲገባ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ አንቺን አሰናበቱሽ። ነጠላ ጫማሽንና የራስሽን ብርጭቆ በፌስታል ይዘሽ ደረጃው ላይ አገኘሁሽ።

«ዳውድ ነው፣ አይደል ጋሼ?» አልሽኝ። «ከሱና ከሉጥፊያ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ሙዲሩ የጠራው ደግሞ እሱን ነው።»

ከነሱ ሌላ የማውቀው እኔ ፊትሽ ቆሜ ነበር። አልጠረጠርሽኝም።

«እንጃ» አልኩሽ።

ኢቃማሽ ሳይታደስ ቀረ፤ በሁለተኛው ወር በመተማ በኩል ወጣሽ። ከረመዳን በኋላ ኒካሕ ልታስሩ የነበራችሁ ሁለት ሰዎች ሳትሰነባበቱ ተለያያችሁ። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ካፉሪ ድረስ መጥቼ እውነቱን ልነግርሽ እችል ነበር። ሐፍላ ከበሬ ይነሣል። አልመጣሁም።

ሙዲሩ ንድፉን ያለ አንቺ እንደገና እንድሥለው አዘዘኝ። ሣልኩት። ንጹሕ ሥዕል ወጣው፤ ቀስቱ ከኮምፒዩተሩ ቀጥ ብሎ ወደ መጋዘን ይሄዳል። ተውፊቅ አየውና፣ «ይህ እውነት እንዳልሆነ ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ዱባዮቹ ፈረሙ። ወር ሳይሞላ ሉጥፊያ ኮምፒዩተሩን አምና ወረቀት አወጣች፤ የረጠበ ስኳር ኦምዱርማን ደረሰ። ንድፉ ላይ መጋዘኑ የዳውድ ስለሆነ፣ ዳውድ ተጠየቀበትና ከሥራ ወጣ።

ባለፈው ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ባሕሪ ሄድኩ። ዳውድ አሁን የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ድንበሩ አጠገብ ገዳሪፍ ያደገ ስለሆነ አማርኛውን ታውቂዋለሽ፤ ሲናደድ ይቆራረጥበታል። የያዘውን የዘይት ማጣሪያ አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሦስት ዓመት፣ ያ ኡስታዝ» አለ። «በዒድ ቤቴ መጥተህ በላህ። ሦስት ዓመት።»

«አዎ።»

«"ምን አድርጌያት ነው?" ስልህ፣ "ሴት ናት፣ ይወጣላታል" አልከኝ። አላልክም?»

«ብዬሃለሁ።»

አንድ ደንበኛ መጥቶ ብሎን ጠየቀ። ዳውድ ብሎኑን ፈልጎ ሰጠው፣ ሸኘውና ተመለሰ።

«ጻፍላት» አለኝ። «ለኔ ብለህ አይደለም። አግቢው ምናምን ብለህ አትጻፍ። አልሸጥኳትም። ይህን ትወቅ፣ ኻላስ።» ከሱቁ ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ፣ «ዒድ ላይ አትምጣ» አለኝ።

ስለዚህ እየጻፍኩ ነው። ይቅር በይኝ ለማለት ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ ቃሉ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ሲመጣ እኔኑ የሚያሳርፍ እንጂ ላንቺ የሚተርፍ ሆኖ አላገኘሁትም። ለዘሃራና ለሉጥፊያ እውነቱን ነግሬአለሁ። ይህን ደብዳቤ ለፈለግሽው ሰው አሳዪው፤ ስሜን አትሸፍኚልኝ።

ከመላኬ በፊት ዛሬ ጠዋት ሱቁ ወስጄ ለዳውድ አነበብኩለት፤ ፊደላችንን አልተማረም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ስለ እሱ የጻፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳወጣ ለመነኝ። እውነት ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። አወጣሁት። ምን ይል እንደነበር ከእኔ አትሰሚም። ማወቅ ከፈለግሽ ስልኩን ዘሃራ ትሰጥሻለች፤ እሱን ጠይቂው።

በጤና ኑሪ።

ዘርይሁን