የጥር ሃያ ሦስት ገጽ

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ደብተሯን ሊወስደው ነው። መምህር ሰኢድ፣ የልጄ የማህሌት የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጠየቀኝ። ከሞተች ዛሬ ሠላሳ አራት ቀኗ ነው።

የማቀርብለት ስፈልግ አየኝና፣ “እትዬ አስካለ ተቀመጪ። እናንተም ጾም፣ እኛም ጾም። ዘንድሮ ወሎ ውስጥ እንግዳ የሆነ ሰው ከሰረ” አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ገና ዛሬ ሳቅኩ። ወዲያው አፈርኩ።

ደብተሩ ስለ አንድ ኮከብ ነው። ቤቴልጉዝ ይሉታል፣ ቀይ ነው። ማህሌት ከታኅሣሥ ጀምሮ ምሽት ምሽት ደጅ እየወጣች ከሁለት ኮከቦች ጋር ታስተያየው ነበር። አንደኛው ከሱ ይደምቃል፣ ሌላኛው ይደበዝዛል። በመካከል የት እንደሚውል አይታ ቁጥር ትሰጠዋለች። የደመቀው ቁጥሩ ያንሳል። ይኼን አስደገምኩት። ኮከቡ አንዳንዴ ይፈካል፣ አንዳንዴ ይደክማል፤ ስለዚህ በየቀኑ መታየት አለበት።

“አንድም ቀን አልዘለለችም” አለ። ሰኞ መጥቶ ይወስደዋል። ሌሎቹ ተማሪዎች እሷ ካቆመችበት ይቀጥላሉ።

እሺ አልኩት። ሳላነበው ነው እሺ ያልኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ላይ ነው፣ ንባቤ ቀስ ይላል። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የሦስቱ ኮከቦች ሥዕል፣ ከሁለቱ ጎን ቁጥራቸው፤ ከዚያ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ማስታወሻ። በማስታወሻው ስር፦ ደመና። ጨረቃ። ከሐይቁ ጉም ተነሳ። አንድ ቦታ፣ “እማ ጠራችኝ፣ ቸኮልኩ።”

ከዚያ ጥር 23። ቁጥሩ 0.7፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት። “ትኩሳት አለኝ፣ ዓይኔን አላምነውም። እማ ትናንት ኮከብ ቆጣሪው ጋ ሄዳ ነበር። ወሩ እስኪወጣ ወንዝ እንዳትሻገር ብሏል። ደሴ መሄዳችን ቀርቷል።”

ደብተሩን ከደንኩት። እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ጥር 21 ጤና ጣቢያ ወስጃት፣ ደሴ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ አሉኝ። በማግስቱ ኮከብ ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። የሷንና የኔን ስም ፊደል ቆጠረ፣ አስራ ሁለት አስራ ሁለት እያለ ገደፈ፣ የቀረውን አይቶ ኮከቧ እሳት ነው፣ ውሃ ጠላቷ ነው አለኝ። እናቴም ለኔ አስቆጥራልኛለች። አመንኩት። አባቷ ወልድያ ግንበኝነት ላይ ነበር። ሲደውል፣ “ቀለል ብሏታል፣ ሥራህን አትፍታ” አልኩት። ጥር 29 ራሷን ስትስት ወንዙንም ኮከቡንም ረስቼ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ታይፎይድ አንጀቷን በስቶት ነበር። ሐኪሙ፣ ከሳምንት በፊት ብትመጣ ኖሮ፣ አለና ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረ።

የካቲት 1 ሞተች።

ለሰው ሁሉ በድንገት ጠናባት ብያለሁ። ለአባቷም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ከገበያ ስመለስ መምህር ሰኢድን መንገድ ዳር፣ ብረት በያጁ በር ላይ አገኘሁት። ቆሜ ስለ ኮከቡ ጠየቅኩት። የልቤ ጥያቄ ሌላ ነው።

በያጁን እያሳየኝ አስረዳኝ። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል። ኮከብም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊ ነጩ ከሁሉም የጋለ፣ ቀዩ ከሁሉም የበረደ። እኔ የሚፋጀው ቀዩ ይመስለኝ ነበር። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በትነው ያዩታል፣ በዚያም በሰባት ክፍል ይለዩታል።

“ስሙን አይቆጥሩትም?” አልኩት፣ አመለጠኝ።

“ስም የሰጠነው እኛ ነን፣ እትዬ። እሱ የሚልክልን ብርሃን ብቻ ነው።”

ያኔ የፈለግኩትን ጠየቅኩ። ደብተሩን በንጹህ ብገለብጠውስ? የተጠራጠረችበትን ቀን ብተወውስ? ራሱን ነቀነቀ። “እሱን ነው የምፈልገው። ዓይኔን አላመንኩም ብላ መጻፏ ሌላውን ቀን ሁሉ እንዳምን ያደርገኛል።”



እሁድ፣ መጋቢት 7

አባቷ ለአርባዋ ከወልድያ ገባ። የከሳው ከኔ ይብሳል። ለእንግዶቹ ስንት ወንበር እንደምንዋስ አወራን።

ለቤተ ዘመድ ሊናገር ሲወጣ ምላጭ አነሳሁ። ገጹን ከስሩ ብቆርጠው አይታወቅም። ገለበጥኩት። ጥር 24፣ 25፣ 26 ጀርባው ላይ ናቸው። ፊደሏ እየተለቀ፣ መስመር እየሳተ ነው። ሌላው ገጽ ላይ የመጨረሻው ጥር 28 ነው፦ “መነሳት አልቻልኩም። በመስኮት አየሁት።”

ስንቱን ቀን አንድ ላይ ልቆርጥ ነው? ምላጩን መለስኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ጠዋት ገጹን ከፍቼ ለአባቷ ሰጠሁት። አነበበ። አሁንም አነበበ።

“ቀለል ብሏታል ያልሽኝ ይኼን ቀን ነው?”

“ይኼን ቀን ነው።”

ጋቢውን አንስቶ ወደ ሐይቁ ወረደ።  

ከሰዓት በኋላ መምህር ሰኢድ መጣ። ደብተሩን ሙሉውን ሰጠሁት፣ የሚያሳፍረኝ ገጽ አለበት ብዬ። ቆሞ አነበበውና በሁለት እጁ ያዘው። ለተማሪዎቹ የሚያሳየው ቁጥሩን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ፈጥኖ ሄደ፣ ማፍጠሪያው ደርሶ ነበር።

አባቷ ወንድሙ ቤት አደረ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ነገ አርባዋ ነው። አባቷ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ያቀረብኩለትን አልበላም።

ሲመሽ ግቢው ውስጥ ቆመ። ርቄ ቆምኩ።

“ነገ ሰው ቢጠይቀኝ አልዋሽልሽም” አለ።

“አትዋሽልኝ።”

 ከዚያ ቀና ብሎ፣ “የትኛው ነው?” አለኝ። ቀዩን አሳየሁት። የሚደምቀውንና የሚደበዝዘውንም ከሥዕሏ እንዳስታወስኩት አሳየሁት። አይቶ ገባ። ይቅር አላለኝም። ግን በሩን ከፍቶልኝ ነው የገባው።

መጋቢት 9። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። 0.6?

ማስታወሻ፦ ደመና የለም። ዓይኔን አላምነውም።