እህት የለኝም ያልኩበት ቀን

ውድ እህቴ ኡምኩልሱም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ስታዪ "ስልክ እያለ ደብዳቤ! ይሄ ሰው ጤናም የለው" እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩ ግን እማ ጆሮ ስር ነው፤ የምትልኪውን ድምፅ ሁሉ ጮክ አድርጌ ካላሰማኋት ቤቱ ሰላም አያገኝም። ስለዚህ ደብዳቤውን ወደ ጅዳ ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ልጅ ለሀይማኖት ሰጠኋት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ባለፈው "ግራ ሆዴን ይወጋኛል፤ ማዳሜ ማስታገሻ እየሰጠችኝ እሠራለሁ" አልሽ። እማ "ጨጓራ ነው፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ በላት" አለችኝ፤ እኔም አብሽሪ አልኩሽ። ወላሂ ኡሚ፣ የማውቀውን ደብቄሻለሁ።

አባዬ የሞተው ለለቀስተኛው እንደነገርነው በድንገት አይደለም። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተሞልተው ነው። ያው በሽታ እኔም ላይ አለ፤ ካወቅሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ጥቅምት ላይ ትኩሳት ያዘኝ፣ ግራ ሆዴን ቆረጠኝ። "የአባዬ ኩላሊት መጣብኝ" ብዬ አራት ቀን በር ዘግቼ ተኛሁ። እዚህ መካነ ሰላም ሐኪም ጠፍቶ አይደለም፤ ካርድ ክፍሉ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ስለማይጠፋ፣ በሽታዬ እንዳይወራ ብዬ ነው። በአምስተኛው ቀን "ስልጠና አለብኝ" ብዬ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ደሴ ሄድኩ።

ሐኪሙ የሆዴን ፎቶ አስነስቶ አየና፣ "ኩላሊትህ ታሟል፤ ያሁኑ ሕመም ግን ከትልቁ አንጀትህ ነው" አለኝ። የአንጀቴ ግድግዳ ወደ ውጭ እየተወጠረ ትንንሽ ኪሶች አውጥቷል፤ አንዱ ቆስሏል።

"ምን አገናኛቸው?" አልኩት።

"እንዳንተ ዓይነት ኩላሊት ያለባቸው ሰዎች አንጀት ላይ ይሄ በብዛት ይታያል የሚሉ አሉ፤ የማይስማሙም አሉ። አንተ ብቻ ሕመሙን ሁሉ በኩላሊት አታሳብብ፣ ማስታገሻም በዘፈቀደ አትዋጥ። ወንድም እህት አለህ? ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ መታየት አለባቸው።"

"የለኝም" አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርሽ፦ ከዚያ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ የወረኢሉ ሽማግሌዎች አንቺን ለትዳር ሊጠይቁ ሲመጡ፣ "ዘራችሁ ከበሽታ ንጹህ ነው?" አሉ። አባዬን ተክቼ የምድርሽ ወሊይሽ እኔ ነኝና "ንጹህ ነው" ብዬ መለስኩ። እማ ቀድማ አስምላኛለች፦ "ኒካሁ ሳይታሰር አፍህን ብትከፍት ያጠባሁህ ጡት ሐራም ይሁንብህ!" ብናገር የእማን እርግማን እሸከማለሁ፣ ኒካሁም ይፈርሳል። ዝም ብል አንቺ ሳትመረመሪ ትቀሪያለሽ፤ አሁን ደግሞ ይኸው በማስታገሻ ትሠሪያለሽ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ታንቄ ከረምኩ። ሰው ደህና ነህ ሲለኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

ማስታገሻውን ተይው። ሳታስፈቅጂ ከበር እንደማትወጪ አውቃለሁ፤ ሐኪም ቤት እንድትወስድሽ ማዳምሽን ለምኛት፣ እግሯ ላይ ውደቂ። ለሐኪሙ የአባዬን አሟሟትና የእኔን በሽታ ንገሪው፤ ኩላሊትሽንም አንጀትሽንም ይይልሽ። ምናልባት አንዱም የለብሽም፤ ዱዓዬ እሱ ነው። ለወረኢሉ ሰዎች የሚነገረውን አንቺ ትወስኛለሽ፤ ዋሸሁ ብዬ ፊታቸው የምቆመው ግን እኔ ነኝ።

አባዬን በእጄ አጥቤ ከፍኜዋለሁ። አንቺን ግን ከዚያ አገር በሣጥን መቀበል አልችልም። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ወንድም የለኝም በይ። ብቻ ነገ ጠዋት ሂጂ።

አፉ እንድትዪው የሚለምንሽ ወንድምሽ፣
አሕመድኑር
መካነ ሰላም